ዋዜማና ማግሥቱ

መስከረም 1 ቀን ቅዳሴው ሲያበቃ በንፋስ ስልክ ላፍቶ አድባራት፥ ከሳሪስ እስከ ለቡ፥ ከጎፋ እስከ ሐና ማርያም፥ እንደ ሌላው አገር ሁሉ ባሕረ ሐሳብ ይነገራል። መምህሩ ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደ ሆነ፥ ወንበሩ፥ አበቅቴውና መጥቅዑ ስንት እንደ ወጣ፥ ነነዌና ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገቡ፥ ትንሣኤ በምን ቀን እንደሚውል ያስታውቃል። ወጣቱ ይህን የሚሰማው በዓሉንና ጾሙን ለማወቅ ነው። ዕድሜው ከአምሳ ያለፈው ሰው ግን በዚያው ቍጥር ውስጥ የራሱን ቍጥር ይሰማል። ዐውደ አበቅቴ በ19 ዓመት ይዞራል፤ አምሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ሦስቱን ዙር ፈጽሟል ማለት ነው። አራተኛው ሲሞላ 76 ይሆናል፤ ሊቃውንት የዚህን ስም ዐውደ ማኅተም ብለውታል። ማኅተም የሚታተመው ጽሕፈቱ ካለቀ በኋላ እንደ ሆነ ለቅኔ ሰው መንገር አያሻም።

ይህን ቍጥር ያወጣው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ መሆኑን ትውፊታችን ይናገራል። የወይን አትክልት ጠባቂ ነበረ እንጂ የተማረ ሰው አልነበረም፤ ጥበቡ የተገለጠለት ከተሾመ በኋላ ነው። «ዘመኔ አልፏል፥ ከእንግዲህ ምን እጀምራለሁ» ለሚል ሰው መልስ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን ይህ በጥንት ዘመን የተደረገ ነው፤ ከዘመናችን ቀረብ ያለ ምስክር አለ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱ ብቻውን፥ ሰው በዘመን መለወጫ ከራሱ ጋር ሊነጋገር ሲቀመጥ እንዴት መጀመር እንደሚገባው ያስተምራል፤ ልቡን እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ይጠራዋልና። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ፥ ዕድሜያቸው አምሳ ሲደርስ፥ ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት የሚናገር መጽሐፍ አወጡ፤ ስሙንም «ዋዜማ» አሉት። ምክንያቱን እዚያው በርእሱ ገልጠውታል፤ በማግሥቱ የነገሥታትን የታሪክ በዓል ለማክበር ነው። እንግዲህ ይህ በሰምና ወርቅ የተነገረ የሽማግሌ ዕቅድ ነው። ሰሙ የበዓል ዋዜማ፥ ወርቁ ገና ያልተጻፈው ታላቁ ታሪክ ነው። ደራሲው ትንሹን መጽሐፍ አትሞ ለሕዝብ በመስጠት ለትልቁ ራሱን ባለዕዳ አደረገ። በዛሬ ጊዜ በጳጉሜን ማታ በደብተር ረጅም የዕቅድ ዝርዝር ጽፎ በጥቅምት የሚረሳው የከተማችን ሰው ቢበዛም፥ ዕዳውን እንዲህ በአደባባይ የሚያስመዘግብ ጥቂት ነው።

ዕዳውንም ለመክፈል ደከሙ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ ጊዜ ሳይተርፍላቸው እንኳ ከንግሥተ ሳባ እስከ ዐድዋ ድል የሚደርሰውን ታሪክ ጽፈው ወደ ማተሚያ አገቡት። በዚያው ጊዜ የኢጣልያ ጦርነት ደረሰ፤ መጽሐፉም ለሕዝብ ሳይሰራጭ ቀረ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር አገራቸውን ለቀው በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለችው ከተማ በስደት ተቀመጡ።

የ1931 ዓ.ም. መስከረም 1 እሑድ ነበረ። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ፥ ዓመተ ዓለሙ 7431፥ ወንበሩ 1፥ አበቅቴው 11፥ መጥቅዑ 19 ነው። እንደ እርሳቸው ያለ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ይህን ለማውጣት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 19 ይውላል። ኅሩይ ግን እስከዚያ ቀን አልቈዩም፤ ሰኞ መስከረም 9 ቀን በዚያው በፌርፊልድ ቤት ዐረፉ። ታሪካቸው ከማተሚያው ጥፋት በተረፈ ጥቂት ቅጅ ተጠብቆ፥ ከብዙ ዘመን በኋላ ታትሞ ለአንባቢ ደረሰ።

የኅሩይ ማግሥት ባለቤቱ ሳያይ መጣ። እንደዚህ ያለውን ነገር አስቀድሞ አስቦ ወራሽ ያዘጋጀ ሰው ደግሞ በኢየሩሳሌም ነበረ፤ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። የግዕዝን ሰዋስውና ግስ መጽሐፍ ጀምረው፥ ዕድሜያቸው እንደማያደርሳቸው ባዩ ጊዜ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ አሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ከመምህራቸው የተቀበሉትን ዘራቸውን እንደሚያሳድግ ገበሬ አሰፉት፤ ብዙ ዘመን ደከሙበት። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ግን እርሳቸውም ሳያሳትሙት ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ትተውት ሄዱ። አንድ ዐሳብ በሦስት ሰው ዕድሜ ተጓዘ ማለት ነው። ከሦስቱ ማንኛውም በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን «ዘንድሮ እፈጽመዋለሁ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ቃሉ ባልተፈጸመ ነበር፤ «ለሚፈጽመው አስረክበዋለሁ» ያለ ግን ይፈጽማል።

አለቃ ደስታ አደራውን ተሸክመው፥ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ፤ የፊደሉም ተራ መምህሩ እንደ ወደዱት በአበገደ ነው። ከዚያ በኋላ አለቃ ደስታ፥ ጽጉራቸው ሸብቶ ሳለ፥ ወደ ራሳቸው ሥራ ተመለሱ። የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸው በ1962 ዓ.ም. ወጣ፤ እርሱም በአበገደ ተራ የተጻፈ ነው።