ፊደል በቢጫ ገመድ

ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያላቸውን ሦስቱን ገመዶች የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዴኩን፣ ሪሲቨሩን፣ ፕሌይስቴሽኑን ከቴሌቪዥን ያዛመዱልን እነሱ ናቸው። ቀዩና ነጩ ድምፅ ይሸከማሉ፤ ምስሉ ያለው ቢጫው ላይ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አምቦ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ዴኩ ቦታውን ለኮምፒዩተር ለቋል። ሞኒተር ግን የለም። ልጁ በኮምፒዩተሩ ጀርባ ካለችው የቴሌቪዥን መውጫ ቢጫውን ገመድ ስቦ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶታል። ፊልሙ ጥሩ አድርጎ ይታያል። ፊልሙ አልቆ የፋይሎቹ ስም ዝርዝር ሲመጣ ነው ጉዱ! ፊደሉ ይርገበገባል፤ ጠርዙ የሌለበትን ቀለም ያወጣል።

«ይኼን እንዴት ነው የምታነበው?» አልኩት።

«ማን ያነበዋል ጋሼ? በቦታው ነው የማውቀው።»

ልጁ ሊቀልድ አልነበረም። ከጊንጪ እስከ ጉደር ኮምፒዩተርን በዚህ መንገድ የተዋወቀ ሰው፣ የተዋወቀው እንደ ፊልም ማሳያ ነው። መጻፊያም እንደሆነ ዕቃው ራሱ ሊነግረው አልቻለም።

ለምን? በአገራችን ያገለገለው ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ምስሉን በ625 መስመሮች ይሥላል፤ ከእነዚህ ምስል የሚይዙት 576 ናቸው። እነሱም አንድ ላይ አይመጡም፤ አንዱን እየዘለሉ በሁለት ዙር ነው። የሰው ፊት ወይም ተራራ ላይ ይኼ አይታወቅም። የአንድ መስመር ውፍረት ያላት ቀጭን ሰረዝ ግን በአንዱ ዙር መጥታ በሌላው ትጠፋለች፤ በሰከንድ 25 ጊዜ ትጠቅሳለች። ቢጫው ገመድ ደግሞ ብርሃኑንና ቀለሙን በአንድ ሽቦ ደባልቆ ይልካል። ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያያቸው የፊደሉን ጠርዝ ቀለም ነው ብሎ ይሳሳታል።

እንግዲህ የእኛን ፊደል አስቡት። «ቡ»ን ከ«በ» የምትለያት ያቺው ቀጭን ሰረዝ ናት። እሷ ከጠፋች ካዕቡ ወደ ግዕዝ ይመለስና «ቡላ» ያልነው «በላ» ይሆናል። የ«ቤ» ቀለበት ከተደፈነችም ከ«ቢ» አትለይም። ፈረንጆቹ ይህ ችግር ያን ያህል አልከበዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የእንግሊዞቹ ዜድኤክስ ስፔክትረም የቤት ቴሌቪዥንን ሞኒተር አድርጎ እንዲሠራ የታሰበ ኮምፒዩተር ነበር፤ በአንድ መስመር 32 ፊደል፣ ለእያንዳንዱ 8 በ8 ነጥብ። የላቲን ፊደል በዚያች ጠባብ ቤት ይኖራል። «ጿ»ን ወይም «ዧ»ን እስቲ አስገቧቸው!

ቁቤም ቢሆን ጣጣ አላጣም። መልኩ ላቲን ስለሆነ አይደበዝዝ ይሆናል፤ ነገር ግን ረጅሙን ድምፅ አናባቢውን ደግሞ ስለሚጽፍ ቃሉ ይረዝማል፣ 32 ፊደል ቶሎ ያልቃል። አምቦ ላይ አማርኛውም ኦሮምኛውም በየፊናቸው ተቸግረዋል ማለት ነው።

የሚያስቆጨኝ ጊዜው ነው። ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ልጁ ያን ኮምፒዩተር ሲገዛ «ቡ» በዓለም መዝገብ ላይ ሰፍራለች። ከኮምፒዩተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ባለችው ሁለት ሜትር የማትሞላ ገመድ ውስጥ ግን ሰረዟን ታጣ ነበር። ምስሉን በቁጥር የሚያሻግረው ኤችዲኤምአይ እ.ኤ.አ. በ2002 ቢወጣም፣ እኛ ሳሎን የደረሰው ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ሲመጣ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።