3.3 በመቶ፦ የአንድ ክፍል የአራት ዓመት ታሪክ

ከሻንጣዬ ሥር አንድ ነጭ ሸሚዝ አለ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ ነው። 12ኛ ክፍል ስንጨርስ የክፍሌ ልጆች ጀርባውና እጅጌው ላይ በሰማያዊና በቀይ እስክሪብቶ ፈርመውበታል። «ግቢ እንገናኝ» ይላል አንዱ። «ኢንጂነር ስትሆን እንዳትረሳን» ይላል ሌላው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፤ 41 ፊርማ አለ። ከ41ዱ ውስጥ በቀጥታ ግቢ የገባው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱ እኔ አይደለሁም።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነን። እናንተ የምታውቁን በቁጥር ነው። ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ውጤታችንን ይፋ ሲያደርግ፣ ከተፈተንነው 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸው ተነገረ። 3.3 በመቶ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማችን ይኸው ሆነ። ሻይ ቤት ስንገባ «የ3 ፐርሰንቶቹ መጡ» ተባልን። በቴሌቪዥን ትውልዱ አያነብም፣ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል ተባለ። ያልተናገረ ሰው አልነበረም፤ የተጠየቀ የእኛ ክፍል ልጅ ግን አላየሁም።

ስለዚህ ዛሬ እኔ ልናገር። አቤቱታ አይደለም፤ ታሪክ ነው። ታሪክ ደግሞ ከመጨረሻው ገጽ አይነበብም።

9ኛ ክፍል የገባነው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ምን ዓይነት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መስከረም 1 ቀን የዛላምበሳና የቡሬ ድንበሮች ተከፍተው፣ ለ20 ዓመት ሳይተያዩ የቆዩ ዘመዳሞች ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን እያየን ነው አዲስ ደብተር የሸፈንነው። ወሎ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ሆነን ተቀመጥን። ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያስረዳል፤ እኛ ያልገባንን ገልብጠን የገባንን እንረሳለን። አንዱን የፊዚክስ መጽሐፍ ለሦስት ነበር የምንካፈለው። ያኔ ግን ማንም አልተጨነቀም። አገሩ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር፤ እኛም አብረን ደስ አለን።

10ኛ ክፍል በ2012 ዓ.ም. ሆነ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። «ለ15 ቀን ነው» ተባለ። ደብተሬን ዴስክ ውስጥ ትቼ ነው የወጣሁት። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌግራም ይሰጣል ተባለ፤ በእኛ ሰፈር ግን ኢንተርኔት የሚያስገባ ስልክ የነበረው ቤት ጥቂት ነው። ሁለተኛውን ሴሚስተር እንዲህ ሳናየው አለፈን።

በዚያው ዓመት አንድ ሌላ ነገርም ተለወጠ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ብሔራዊ ፈተና ይወስድ ነበር። ያለፈው ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄድ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ፈተናው ቀረ። ለውጡ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ በ16 ዓመቱ የልጅን ዕድል የሚቆርጥ ፈተና ጥሩ ነው ብዬ አልከራከርም። ግን ውጤቱን ልብ በሉ፦ የት እንደቆምን የሚነግረን ሰው ሳይኖር፣ ግማሽ ዓመት ተምረን፣ በጅምላ ወደ 11ኛ ክፍል ተሻገርን።

11ኛ ክፍል፣ 2013 ዓ.ም.። ትምህርቱ ዘግይቶ ተጀመረ። ጭምብል አድርገን፣ ለሁለት ተከፍለን፣ አንድ ቀን እየዘለልን ነበር የምንማረው። ገና ሳንረጋጋ ጥቅምት 24 መጣ። ጦርነቱ መጀመሪያ ሩቅ መሰለን። በክረምቱ ግን ወደ እኛ ቀረበ። የተፈናቀሉ ሰዎች ከሰሜን እየመጡ ትምህርት ቤታችን ውስጥ አረፉ፤ መቀመጫችን አልጋቸው ሆነ።

12ኛ ክፍልን ማን በወጉ ተማረው? በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ፣ እኔ ከእናቴና ከሁለት ታናናሾቼ ጋር ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ከቤት ይዤ የወጣሁት አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ነበር፤ እሱንም መንገድ ላይ ትራስ አደረግነው። ጦርነቱ ባልደረሰበት የአገሪቱ ክፍልም ነገሩ ሰላም አልነበረም። በኅዳር መጨረሻ፣ የዘማቾችን ሰብል ተማሪዎች እንዲሰበስቡ ተብሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ነበር። ስንመለስ የክፍላችን መስኮት የለም። ዴስኮቹ ለማገዶ ተፈልጠዋል። የላብራቶሪው በር ተገንጥሏል፤ ውስጡ ድሮም ብዙ ነገር አልነበረም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ለማትሪክ ተዘጋጀን።

እዚህ ላይ አጎቴን ላምጣው። አጎቴ የዘመቻ ትውልድ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ 11ኛ ክፍል ነበር። የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር፣ በጠቅላላው ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ተላኩ። ፊደል አስቆጠሩ፤ የየካቲት 25ቱ የመሬት አዋጅ ሲወጣ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ። ብዙዎቹ ከዘመቻው ሳይመለሱ ወደ ድርጅት ገቡ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በቀይ ሽብር አለቁ። አጎቴ ትምህርቱን አቋርጦ ቀረ። ያም ሆኖ ሽማግሌዎች መሐል ሲቀመጥ «እኔ ዘማች ነበርኩ» ይላል፣ ቀና ብሎ። ሰውም ይሰማዋል።

ውጤት የተነገረ ሰሞን አጎቴ እንዲህ አለኝ፦ «አይዞህ፤ እኔም አልጨረስኩም»። እኔም መለስኩለት፦ «ጋሼ፣ የአንተን ዓመት የወሰደብህ ዘመን ስም አለው። የእኔን ግን ሰነፍ ነህ ብለው ነው የወሰዱት።»

ዝም አለ። እኔም ከዚያን ቀን በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ሁለቱም ትውልዶች በ17ና በ18 ዓመታቸው አገር ከክፍል አስወጥታቸዋለች። ለአንደኛው መጽሐፍ ተጻፈለት፤ ክብሩም ጥፋቱም ተዘገበ። ለሁለተኛው የተጻፈለት አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ተማሪው ስንት እንዳመጣ እንጂ፣ ስንት ቀን እንደተማረ አይናገርም።

አሁን እውነቱን እንነጋገር፤ እኛም ንጹሕ አይደለንም። ኩረጃን ተምረን ነው ያደግነው። 8ኛ ክፍል ስንፈተን ጎበዙ ልጅ መሐል እንዲቀመጥ ያመቻቹልን ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከእኛ በፊትም ማትሪክ ታሟል፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ፣ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የሚረሳ የለም። የመግቢያ ነጥቡም ለዓመታት የሚቆረጠው ዩኒቨርሲቲዎቹ ባላቸው ቦታ ልክ እንጂ ተማሪው ማወቅ ባለበት ልክ አልነበረም። ስለዚህ ከመስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት ዙር ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ወስደው፣ ስልክ ከልክለው ሲፈትኑን ሥራው ትክክል ነበር። ከእኛ ክፍል ይህን ሳይክድ የሚናገር ብዙ ልጅ አለ። ለብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ ማለት ያቺ ሳምንት ናት፤ በዶርም አደርን፣ በካፌው በላን፣ ወጣን፣ አልተመለስንም።

ሚዛኑ ትክክል ነበር። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ሚዛኑ ላይ የወጣነው ለምን እኛ ብቻ ሆንን?

በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። አንድ ተማሪ ሲወድቅ ተማሪው ሰነፈ ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት ሙሉ ሲወድቅ ግን ሌላ የሚጠየቅ አካል አለ ማለት ነው። ለ4 ዓመት የፊዚክስ መምህር ያልተመደበለት ክፍል ፊዚክስ ወደቀ ሲባል፣ የወደቀው ማን ነው? የሚቀጥለው ዓመት ውጤት 3.2 በመቶ፣ ከዚያ 5.4፣ ከዚያ 8.4 ሆኗል። መሻሻሉ ደስ ይላል፤ ታናናሾቻችን ናቸውና። ነገር ግን 8.4 ማለት እኮ ከ100 ልጅ ከ91 በላዩ አሁንም እየቀረ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ልጅ ስንፍና ብቻ አይጥለውም።

ሬሚዲያል መጀመሩን አመሰግናለሁ። ከሸሚዙ ላይ 6 ፊርማ በእሱ በኩል ግቢ ገብቷል፤ በርትተውም ቀጥለዋል። ይህ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፦ ጥቂት ወር በወጉ የተማረ «የወደቀ» ልጅ መቆም ይችላል። የጎደለው ጭንቅላት ሳይሆን ትምህርት ነበር ማለት ነው።

የቀሩት ፊርማዎችስ? 9ኙ ቴክኒክና ሙያ ገብተዋል። አምስቱ ባጃጅና ሞተር ላይ ናቸው። ሦስት ሴቶች ዓረብ አገር ሄደዋል፤ አንዷ የክፍላችን 2ኛ ነበረች፣ ዛሬ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። አራቱ በግል ደጋግመው ተፈትነዋል። ብዙዎቹ ቤት ናቸው፤ ምን ትሠራለህ ሲባሉ «እየጠበቅኩ ነው» ይላሉ። ሁለቱ የት እንዳሉ አናውቅም። ከሁለቱ የአንዱ እናት መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ደውሎልህ ነበር ወይ?» ትለኛለች።

ምን ይደረግ ለምትሉ፣ ከባድ ነገር አልጠይቅም። ውጤት ሲነገር ከተማሪው ነጥብ ጎን የትምህርት ቤቱም ታሪክ ይነገር፦ በ4 ዓመት ስንት ቀን ተማሩ? ስንት መምህር ጎደለ? መጽሐፍ ለስንት ደረሰ? ትምህርት ቤቱ ተቃጥሎ ነበር ወይ? ዛሬም በግጭት ምክንያት ከክፍል ውጭ ያሉ ልጆች አሉ። ነገ ለፈተና ሲቀመጡ፣ የእነሱንም ዓመታት በአንድ ቁጥር ጠቅልለን እንዳንወረውርባቸው።

ወላጆችም፣ ቤታችሁ ውስጥ የ2014 ልጅ ካለ፣ ዛሬ ማታ ቡና ላይ አንድ ጊዜ ጠይቁት። ስንት አመጣህ አትበሉት፤ እሱን ሁሉም ጠይቆታል። እንዴት ተማርክ በሉት።

እኔ ሸሚዙን አላጠብኩትም። ቢታጠብ ቀለሙ ይለቃል። እንደ አጎቴ ሳረጅ አንድ ልጅ «ማትሪክ መቼ ወሰድክ?» ቢለኝ፣ አውጥቼ አሳየዋለሁ። መልሴ 3.3 አይሆንም። አርባ አንዱንም በየስማቸው እጠራቸዋለሁ።