ካላ-አዛር

ካላ-አዛር ከሕንድ የመጣ ስያሜ ሲሆን «ጥቁር ትኩሳት» ወይም «ጥቁር በሽታ» ማለት ነው። የአማርኛው «ንዳድ» በቆላ የሚይዝን ትኩሳት ሁሉ በአንድ ስም ሲጠራ፣ አዲሱ ቃል ግን በሕክምና አገባቡ አንዱን ትኩሳት በመንስኤው ከሌላው ይለያል፤ ይህም የሳይንሳዊ አስተሳሰብ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሌይሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሐኪሞች በየፊናቸው የበሽታውን ጥገኛ ተሕዋስ፣ ማለትም በሌላ ፍጡር አካል ውስጥ የሚኖረውን ረቂቅ ሕያው፣ በአጉሊ መነጽር አይተው ገለጹ።

ተሕዋሱን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ የምታንስ ነፍሳት ናት፤ በምሥራቅ ሱዳንም በጥቁር መሬት ስንጥቅና በግራር ጫካ ትጠለላለች። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ከትግራይ የተሰደዱ ሰዎች የሰፈሩበት የቱነይድባ መጠለያ በሚገኝበት በሱዳኑ ገዳሪፍ፣ እንዲሁም ከድንበሩ ወዲህ የቀን ሠራተኞች ለሰሊጥ አጨዳ በሚወርዱባቸው መተማና ሑመራ፣ ቃሉ የዕለት ኑሮ ቃል ነው።

ለሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና ክሳት የታዩበት ሰው ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ ዛሬ ግን ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ ተመርምሮ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለ17 ቀናት በሚሰጥ የሁለት መድኃኒቶች መርፌ ሊድን ይችላል። ሳይንስ የተራውን ሰው ኑሮ የለወጠው፣ ትኩሳትን ከዕጣ ፈንታ አውጥቶ መንስኤው ተለይቶ የሚመረመር፣ የሚከላከሉትና የሚታከም ጉዳይ በማድረግ ነው።