የቮልስዋገን ቢትል የሞተር አነሳስ ችግር

የቮልስዋገን ቢትል የሞተር አነሳስ ችግር ቁልፍ ሲዞር ሞተሩ ከብዶት በዝግታ ሲዞር፣ ወይም በደንብ እየዞረ አልነሳ ሲል የሚታይ ብልሽት ነው። በኢትዮጵያ በአጭሩ «ቮልስ» የምትባለው ይህች ጀርመን ሠራሽ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ሞተሯ ከኋላ፣ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር፣ የቁልፍ ማብሪያዋ ደግሞ ከፊት መሆኑ ለችግሩ የራሱን መልክ ሰጥቶታል።

የችግሩ ዓይነቶች

ሞተሩ በዝግታ የሚዞር ከሆነ ጥፋቱ የሚፈለገው በባትሪ፣ በገመድ፣ በማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ወይም በሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ነው። በወትሮው ፍጥነት እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ምርመራው ወደ ካንዴላ እሳት፣ ወደ ቤንዚንና ወደ ኮምፕሬሽን ያመራል። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ሊወልድ ይችላል፤ ሞተሪኖው ብዙ ከረንት ሲስብ የባትሪው ቮልት ይወርዳል፣ ለቦቢናው (እሳቱን ለሚያመነጨው መጠምጠሚያ) የሚደርሰው ያንሳል፣ እሳቱም ይደክማል። በዝግታ በሚዞር ሞተር ላይ ካርቡራቶር ከመፍታት በፊት የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው።

6 እና 12 ቮልት

የቀደሙት ቢትሎች በ6 ቮልት ይሠሩ ነበር፤ ለአሜሪካ ገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ወደ 12 ቮልት ተሸጋግረዋል። እኩል ጉልበት ለማግኘት የ6 ቮልት ሞተሪኖ እጥፍ ከረንት ይፈልጋል። በአንድ ዓይነት ገመድ ውስጥ የሚባክነው ቮልትም እጥፍ ይሆናል፤ የሚቀነሰው ግን ከ12 ቮልት ግማሽ ላይ ስለሆነ የጉዳቱ ድርሻ አራት እጥፍ ይደርሳል። ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን የባትሪ ገመድ በ6 ቮልት መኪና ላይ ሲገጠም ጤነኛ ባትሪና ሞተሪኖ እያሉ ሞተሩ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ልኬት

ሙሉ በሙሉ የተሞላና ያረፈ ባትሪ በ12 ቮልት መኪና 12.6፣ በ6 ቮልት ደግሞ 6.3 ቮልት ገደማ ያሳያል። ይህ ብቻ ግን ባትሪውን ጤነኛ አያሰኝም፤ ወሳኙ ሸክም ላይ ሲሆን የሚያሳየው ነው። የቦቢናው ገመድ ተነቅሎ ሞተሩ እንዳይነሳ ከተደረገ በኋላ ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም።

ቀጥሎ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው በሞተሪኖው ዋና ብሎን ላይ ተደርጎ ሞተሩ ይዞራል። በ12 ቮልት መኪና ንባቡ ከ0.5 ቮልት ከበለጠ ገመዱ ወይም ማያያዣው ኃይል እየበላ ነው። በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ አካል መካከል ደግሞ ከ0.2 ቮልት ብዙም መብለጥ የለበትም። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኛቸው የተጎነጎነ የማሳ ገመድ ነው። እርሱ ከተበጠሰ ወይም ከዛገ ከረንቱ በነዳጅና በፍሪሲዮን ካቦዎች በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ካቦዎቹም ይግላሉ።

ሞተሪኖ

የቢትል ሞተሪኖ ዘንግ ጫፍ የሚያርፈው በራሱ አካል ላይ ሳይሆን በካምቢዮው ቤት ውስጥ በተተከለ ቡሺንግ ላይ ነው። ቡሺንጉ ሲበላ ዘንጉ ያዘነብላል፣ የሚሽከረከረው ክፍል ከውስጥ ግድግዳው ጋር ይፋተጋል፣ ሞተሩም በዝግታ ይዞራል። ሞተሪኖው በአዲስ ተተክቶ ቡሺንጉ ካልተቀየረ ችግሩ ይቀጥላል።

ከተነዳ በኋላ ሞቆ ሳለ «ጠቅ» ብቻ የሚል ሞተሪኖ ሌላ ምክንያት አለው። ሞተሪኖውን የሚያዘው ከረንት ከኋላ ወደ ፊት ማብሪያ ሄዶ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መስመሩ ሲያረጅና ሲሞቅ የሚደርሰው ቮልት አይበቃም። የተለመደው መፍትሔ ከሞተሪኖው አጠገብ ሪሌ መግጠም ነው።

እየዞረ የማይነሳ ሞተር

መጀመሪያ የሚታየው እሳት ነው። የፑንቲና (የዲስትሪቢዩተሩ መገናኛ ነጥብ) ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ፑንቲናው ከተቃጠለ ወይም ክፍተቱ ከጠበበ እሳቱ ይዳከማል። እሳት ካለ ወደ ቤንዚን ይታለፋል። በአውቶማቲክ ቾክ ቢትል ላይ ቾኩ ተዘግቶ ከቀረ የሞቀ ሞተር በቤንዚን ይታፈናል፤ ያኔ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጦ ማስነሳት ትርፉን ቤንዚን ያስወጣል። ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ግን ፓምፑና ማጣሪያው ይመረመራሉ። የቫልቮላ ክፍተት ከጠበበም ኮምፕሬሽን ይወርዳል።

ከፍታ

እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሚገኝ ቦታ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚያ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ይሰጣል፣ ካንዴላም በቶሎ ያጠቁራል። የኮምፕሬሽን ንባብም በተመሳሳይ መጠን ስለሚያንስ የአራቱ ቺሊንድሮች ልዩነት በጥገና መጽሐፍ ላይ ከተሰጠው ቁጥር የተሻለ ማስረጃ ነው።