ለጀግና ሐውልት፣ ለሕፃን ዝምታ



በ1978 ዓ.ም. ቤተሰቤ ከወሎ ተነሥቶ ፓዌ ሲሰፍር የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዓመቱ እናቴ መንታ ወለደች፤ አንደኛውን ግን ወባ ወሰደው። ከዛፍ ሥር ተቀበረ፤ ምልክት አልተደረገለትም። በዚያ ወራት ቀባሪውም ታማሚ ነበርና ማንንም አልወቅስም። እናቴ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ልጆቿን ስትቆጥር እርሱን አትዘልም ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ናይጄሪያ ዮሩባዎች ሳነብ ያ ቆጠራ ታወሰኝ። ዮሩባዎች መንታ በብዛት ከሚወልዱ የዓለም ሕዝቦች መካከል ናቸው። ቀድሞ የተወለደውን ታይዎ፣ ተከታዩን ኬሂንዴ ይሉታል። ከመንቶቹ አንዱ ሲሞት ወላጆቹ ጠቢብ አማክረው «ኤሬ ኢቤጂ» የተባለ ትንሽ የእንጨት ምስል ያስቀርጹለት ነበር። እናቲቱ ምስሉን ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ምግብ ታቀርብለታለች። ከእጥበትና ከዳሰሳ ብዛት ፊታቸው የተፋቀ ምስሎች ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ይታያሉ። ሰብሳቢው ቅርስ ይለዋል፤ ለእናቲቱ ግን ልጇ ነበር።

በአገራችንም ለሟቹ እንጨት የሚቀርጽ ሕዝብ አለ፤ ኮንሶ። «ዋካ» በሚባለው የመታሰቢያ ሐውልት ጀግናው ከመካከል ይቆማል፤ በዙሪያው ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ይደረደራሉ። የኮንሶ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ ሥርዓት አንዱ ምክንያት ነበር። ዋካም እንደ ኢቤጂ ሁሉ ከቦታው እየተነቀለ ለሰብሳቢዎች ተሸጧል፤ ከሌባ የተረፉት ከፊሎቹ ካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ተሰብስበዋል።

ሁለቱን ሳስተያይ ግን አንድ ልዩነት ይከነክነኛል። በዋካ ላይ የተገደለው ሰው የሚታየው የጀግናው ግዳይ ማስቆጠሪያ ሆኖ ነው። ኢቤጂ ግን የሚቀረጸው ማንንም ላልገደለ፣ ምንም ጀብዱ ላልፈጸመ ሕፃን ነው። ይህን የምለው ኮንሶዎችን ለመንቀፍ አይደለም። በየከተሞቻችን አደባባይ ያቆምናቸውን ሐውልቶች ያስተዋለ ሰው ሁላችንም ዋካ ቀራጮች መሆናችንን ይረዳል።

ወደ መተከል ልመለስ። በሠፈራው ዘመን ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ ወደ ስፍራው ሲገባ፣ ቀድሞ የሚያርስበትንና የሚያድንበትን መሬት ያጣው ጉሙዝ ነበር። ያን ጊዜ የእኛም የእነርሱም ሙታን ያለ ምልክት ቀሩ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ደግሞ በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰላማውያን ሰዎች በአንድ ጥቃት ተገደሉ። በእነዚያ ዓመታት በዞኑ ከየወገኑ ብዙ ሰው አልቋል። ዛሬ ስለዚያ እልቂት ሲወራ የምሰማው ቁጥር ነው፤ ያውም እያንዳንዱ የራሱን ሟች ብቻ የሚቆጥርበት ቁጥር። የሌላው ሟች እንደ ዋካው ጠላት ስም የለውም።

በመተከል አንድ ቀን መታሰቢያ የሚቆም ከሆነ፣ ምኞቴ ለጀግና እንዳይሆን ነው። የአማራው፣ የአገው፣ የሺናሻው፣ የኦሮሞውና የጉሙዙ ሕፃናት ስም ጎን ለጎን ይጻፍበት። እናቴ የሞተውን ልጇን ከቆጠራዋ ሳትዘልለው ኖራለች። እኛ የተማርነው ከእርሷ ማነስ የለብንም።

ቸር ይግጠመን።