ሐረጎ ያልተቆጠረበት ሰዓት

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የደሴን መንገድ ላጫውታችሁ።

ከአዲስ አበባ ደሴ የሚሄድ ሰው በመኪና ከሆነ ሌሊት ይነሳል። ደብረ ብርሃን በጋቢ ተጠቅልሎ ያልፋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ጣሊያን በፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ይሾልካል፤ ከዚያ በደብረ ሲና አድርጎ ቁልቁል ነው። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር አይሞላም፤ ጋቢው ይወልቃል። አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ እያለ እንደገና መውጣት ነው። ደሴ እስኪገባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር፣ ቀኑም አለቀ።

በአውሮፕላን ከሆነስ? ከቦሌ ኮምቦልቻ በቀጥታ ሲለካ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ከክንፍ በታች ይቀራል፤ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጎማው መሬት ይነካል።

ታዲያ ተሳፋሪያችን ለዘመዶቹ «በሦስት ሰዓት ደሴ ነኝ» ብሎ ነበር። ምን ያድርግ! ማረፊያው በዓለም አቀፍ መዝገብ የሚጠራበት «ዲ ኤስ ኢ» የሚል መለያ የተወሰደው ከደሴ ስም ነው። ሜዳው ግን ኮምቦልቻ ነው፣ ከባሕር ወለል 1,860 ሜትር ገደማ ላይ። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተሸጉጣለች። ለአውሮፕላን መንደርደሪያ የሚበቃ ሜዳ ከየት ታምጣ?

ደሴ አናት ላይ በቀጥታ የደረሰ አውሮፕላንስ ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቦምብ ይዞ የመጣው የጣሊያን። እሱ ማረፊያ አላስፈለገውማ! ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኮሱበት።

ወደ ሰውያችን እንመለስ። ሻንጣውን ይዞ ወጣ፣ መኪና ያዘ። «ቅርብ ነው አይደል?» ይላል። «አብሽር ጋሼ፣ ሐረጎን መውጣት ብቻ ነው የቀረን» ይለዋል ሾፌሩ። ይህቺ «ብቻ» ናት ጉዱ! በቀጥታ ቢለካ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው ርቀት የመንገዱ ግማሽ ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን በሐረጎ ዳገት ተጠማዝዞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ፊት ለፊት ከባድ መኪና እያቃሰተ የሚወጣ እንደሆነ፣ ጭጋግም የወረደ እንደሆነ፣ ከሰማዩ ጉዞ የማይተናነስ ጊዜ ይወስዳል።

እኔ አውሮፕላኑን አላማም፤ የ2014ቱ ጦርነት ሁለቱን ከተሞች ባዳረሰ ጊዜ በረራው ተቋርጦ ስላየነው፣ ዋጋውን እናውቃለን። የማማው የሰዓት አቆጣጠራችንን ነው።

እናንተም ደሴ እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ፣ ምሳውን ማቅረብ ያለባችሁ አውሮፕላኑ ባረፈበት ሰዓት ሳይሆን እንግዳው ፒያሳ በሚደርስበት ሰዓት ነው።