ባሕር ዳርና የባሕሩ ሰዎች

የከተማ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በመሠረት ድንጋይ፥ በምረቃ ቀንና በነዋሪ ቍጥር ነው። እኛ ግን ስለ ባሕር ዳር ስንጽፍ ሌላ ጥያቄ እናስቀድማለን፤ ከተማው ሲያድግ የማን ኑሮ አደገ? ከቦታው የተገፋስ ማን ነው? (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ጣና ሐይቅ ቢሆንም አገሬው ባሕር ይለዋል፤ ከተማውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ውሃ ባሕር ቢባል አያስደንቅም። በደሴቶቹ ላይ ጥንታውያን ገዳማት አሉ፤ በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ይገኛል። የነገሥታቱ ስም በብራና ተጠብቆ ሲቆይ፥ በዳርቻው የደንገል ታንኳ እየሠራ፥ ዓሣ እያጠመደና ጕማሬ እያደነ የኖረው ወይጦ የጻፈለት አላገኘም። የጥንት ቋንቋው ጠፍቶ አፉን በአማርኛ ፈትቷል። ጕማሬ ይበላል ተብሎ ተናቀ፤ ኑሮው ከውሃው ነውና ርስተኛ ከሚባለው ወገን አልተቈጠረም።

በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረችውን ትንሽ መንደር ኢጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 ያዟት። የዛሬው ከተማ መልኩን ያገኘው ግን በ1960ዎቹ ነው። በ1961 በኢጣሊያ የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1964 የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ሰፋፊዎቹን ጎዳናዎች ያስገኘውን ፕላን የነደፉት የጀርመን ባለሙያዎች ናቸው። ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከተማው የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ሆነ። በ1994 ቈጠራ 96,140 ነዋሪ ነበረው፤ በ2007 በዙሪያው ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ጋር 221,991 ደረሰ። በ2024 ደግሞ በዐባይ ላይ 380 ሜትር የሚረዝም አዲስ ድልድይ ተመረቀ።

ይህ ሁሉ ዕድገት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመዝናኛ በተፈለገ መጠን ወይጦ ወደ ኋላ ተገፋ፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ተመናመነ። በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም የታንኳውን መንገድና የዓሣውን ቦታ ይሻማ ጀመር።

ነገሩ የባሕር ዳር ብቻ አይደለም። እኛ ከምንኖርበት ከፍሪድሊ ጥቂት ወረድ ብሎ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የሴንት አንተኒ ፏፏቴ አለ። ሚኒያፖሊስ በዚህ ፏፏቴ ጕልበት ዱቄት እየፈጨች የዓለም የዱቄት ገበያ መሪ ሆነች። የቦታው ባለቤቶች የነበሩት ዳኮታዎች ግን ከ1862ቱ ጦርነት በኋላ፥ በ1863 በወጣ ሕግ ከሚኒሶታ እንዲባረሩ ተፈረደባቸው። በሁለቱም አገር ፏፏቴው ፋብሪካውን አንቀሳቀሰ፤ በሁለቱም ዘንድ የውሃው ሰው ከሒሳቡ ውጭ ቀረ። ልዩነቱ ዳኮታ በአዋጅ ሲባረር፥ ወይጦ አዋጅ ሳይወጣበት በፕላንና በመሬት ዋጋ ቀስ በቀስ መገፋቱ ነው።

ዳኮታን ያባረረው አዋጅ ጽሑፍ ነውና ሊጠቀስና ሊወቀስ ይችላል። በዝምታ የሚፈጸም መገፋት ግን ወቃሽም ከሳሽም አያገኝም። ስለዚህ የወይጦ የመኖሪያ ቦታና የማጥመድ መብት በጽሑፍ ሊጸናለት፥ ስለ ሐይቁ ዳር በሚመከርበት ሸንጎም ድምፅ ሊኖረው ይገባል። ባሕር ዳር ስሟን ከባሕሩ እንደ ወሰደች ሁሉ፥ ለባሕሩ ሰዎችም ዕዳ አለባት።